ጀማ ወንዝ ወርዶ አሳ ማጥመድ፦ ከወረዳው ደብዳቤ እስከ መንጠቆው

"ጀማ ወርደን አሳ ብናጠምድ ማን ይከለክለናል?" የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይመጣልኛል። የሚጠይቁኝ የደብረ ብርሃን ልጆች ናቸው፣ ለበዓል ቤተሰብ ሊጠይቁ ዓለም ከተማ የሚመጡ አሉ፣ ከአዲስ አበባ መኪና ይዘው ቅዳሜን ማሳለፍ የሚፈልጉም አሉ። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደግመው አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። መመሪያው ለመዝናናት በመንጠቆ ለሚያጠምድ ሰው ነው። መረብ ዘርግቶ ለገበያ የሚያወጣ ሰው መንገዱ ሌላ ነው፤ እሱንም እግረ መንገዴን አነሳዋለሁ።

መጀመሪያ ግን እኔ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ጊዜ ስንወርድ ሦስት ነበርን። ከለሚ ተነስተን በጠዋቱ ቁልቁለቱን ጨረስን፣ ድልድዩን አልፈን አንድ ጸጥ ያለ ኩሬ አገኘን። ወረቀት የለንም፣ ለማንም አልተናገርንም። ወንዝ ነው፣ ማን ምን ይለናል ብለን ነበር። ገና ክሩን ከመንጠቆው ሳናስር አንድ ሽማግሌ ከሁለት ጎረምሶች ጋር መጡና "ቦርሳችሁን ክፈቱ" አሉን። ከፈትን። ዳቦ፣ ውሃ፣ ትል ያለበት ቆርቆሮ። ሽማግሌው ትሉን አዩት፣ ቆርቆሮውን አሸተቱት፣ ከዚያ "ብርብራ የላችሁም?" ብለው ጠየቁ። ግራ ገባን። እጄን ይዘው ትንሽ ወደ ታች ወሰዱኝና ድንጋዮቹ መሃል አሳዩኝ። ጣት የማያህሉ ጫጩት አሳዎች ሆዳቸው ወደ ላይ ሆኖ፣ ነጭ ሆነው፣ በድንጋዩ ሥር ተሰብስበዋል። ከቀናት በፊት ከሌላ ቦታ የመጡ ሰዎች ውሃውን በብርብራ ፍሬ መርዘው ትልልቁን ለቅመው ሄደዋል። "ይሄን ማን ይብላው ልጄ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ያን ቀን ሳናጠምድ ተመለስን። በሚቀጥለው ጊዜ ደብዳቤ ይዘን ስንሄድ የት ብንቀመጥ እንደሚሻል ያሳዩን እኚሁ ሰው ናቸው።

ስለዚህ ወንዙ ባለቤት የሌለው እንዳይመስላችሁ። መንግሥትም ሕዝብም አለበት። ሁለቱንም ማስፈቀድ አለባችሁ።

መጀመሪያ ውሃው የማን እንደሆነ ለዩ

ሰሜን ሸዋ የሚባሉ ዞኖች ሁለት ናቸው። አንዱ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን የሆነው የአማራ ክልሉ ነው፣ ሌላው ዋና ከተማው ፍቼ የሆነው የኦሮሚያው። ጀማ ደግሞ አንዳንድ ቦታ ላይ ወዲህ ማዶው አንድ ክልል፣ ወዲያ ማዶው ሌላ ክልል ነው። ከአንዱ ወረዳ የወሰዳችሁት ደብዳቤ ድልድዩን ስትሻገሩ ላይሠራ ይችላል። ለመቀመጥ ያሰባችሁት በየትኛው ዳር እንደሆነ፣ ወረዳውንም ቀበሌውንም፣ ከቤታችሁ ሳትወጡ አጣሩ።

ሕገ መንግሥቱም ይህንኑ ይከተላል። በአንቀጽ 52 ክልሎች የፌዴራል መንግሥቱ በሚያወጣው ሕግ መሠረት መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን ያስተዳድራሉ። ከአንድ ክልል በላይ የሚያገናኙ ውሃዎችን አጠቃቀም የሚወስነው ግን በአንቀጽ 51 የፌዴራሉ መንግሥት ነው። በመንጠቆ ለሚያጠምድ ሰው የመጀመሪያው በር ወረዳው ነው።

አንድ ሌላ ነገርም ልብ በሉ። በረሳ፣ ጫጫ፣ ሞፈር ውሃ፣ ወንጪት የሚፈሱት ወደ ጀማ፣ በጀማ በኩል ወደ ዓባይ ነው። ከጣርማ በር ወዲያ የሸዋ ሮቢቱ ሮቢ፣ ጀውሃ፣ አጣዬ፣ እንዲሁም በምንጃር በኩል ከሰም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። የአንዱ አሳ ከሌላው ጋር የግድ አንድ አይደለም። በባልዲ ሕይወት ያለው አሳ ጭናችሁ ከአንዱ ወስዳችሁ በሌላው ውስጥ እንዳትለቁ። ግቢያችሁ ውስጥ ለቆፈራችሁት ኩሬም ቢሆን በፈቃድ ካልሆነ አይደረግም። ባዕድ አሳ አንዴ ከገባ መልሶ የሚያወጣው የለም።

ሕጉ ምን ይላል

የፌዴራሉ የአሳ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥሩ 315/1995 ነው። ዓላማው የአሳውን ዝርያና መኖሪያውን መጠበቅ፣ ከልክ በላይ እንዳይጠመድ መከላከል፣ ጤናማ አሳ ለገበያ እንዲቀርብና የአሳ እርባታም እንዲስፋፋ ማድረግ ነው። አማራ ክልልም የራሱ አዋጅ አለው፣ ቁጥር 92። ማስፈጸሚያ ደንቡ ደግሞ ቁጥር 50 ነው። ጽሕፈት ቤት ስትሄዱ እነዚህን ቁጥሮች በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ባለሙያው ስለምን እንደምትጠይቁ ወዲያው ይገባዋል፣ እናንተም "እንዲህ የሚባል ነገር የለም" ተብላችሁ አትመለሱም።

ዋናው መስመር ግልጽ ነው። ለንግድ የሚያጠምድ ፈቃድ ማውጣት አለበት። መርዝና ፈንጂ ለማንም ክልክል ነው። እናንተን ከነጋዴው የሚለያችሁ አንድ ነገር ነው፤ አሳውን አትሸጡም። አንድም ቢሆን። "ለነዳጅ ማካካሻ ይሁነን" ብላችሁ ለሆቴል ሁለት ኪሎ የሰጣችሁ ቀን መዝናኛነቱ ቀረ፣ ንግድ ሆነ፣ ያለ ፈቃድ የነገደ ሰው ሆናችሁ ማለት ነው። በጾም ወራት ሆቴሎች አሳ አጥብቀው ስለሚፈልጉ ይህ ፈተና በእርግጥ ይመጣባችኋል።

ወረዳ ሄዳችሁ ማመልከቻ አስገቡ

የምትሄዱት ወደ ወረዳው የእንስሳትና አሳ ሀብት ልማት ጽሕፈት ቤት ነው። አንዳንድ ቦታ ግብርና ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው የምታገኙት፣ በር ላይ ጠይቁ። በሥራ ቀን ሂዱ። ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ስለሚበዛ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ይሻላል፤ ይህ የራሴ ልምድ ነው።

ማመልከቻውን ቤት ጽፋችሁ ሂዱ። ረጅም መሆን የለበትም። እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው፦

"ለ… ወረዳ የእንስሳትና አሳ ሀብት ልማት ጽ/ቤት። ጉዳዩ፦ ለመዝናኛ በመንጠቆ አሳ ለማጥመድ ፈቃድና የትብብር ደብዳቤ ስለመጠየቅ። ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተዘረዘረው 3 ሰዎች በ… ቀበሌ በሚያልፈው የጀማ ወንዝ ላይ ከ… እስከ … ቀን ድረስ በእጅ ዘንግና በመንጠቆ ብቻ፣ ለሽያጭ ሳይሆን ለመዝናኛ አሳ ለማጥመድ ስለምንፈልግ ጽ/ቤቱ አስፈላጊውን ፈቃድና መመሪያ እንዲሰጠን፣ ለቀበሌው አስተዳደርም ደብዳቤ እንዲጻፍልን በአክብሮት እንጠይቃለን።"

ከሥሩ ስም፣ ስልክ፣ ፊርማ። የመታወቂያችሁን ወይም የፋይዳችሁን ኮፒ አያይዙ። "በእጅ ዘንግና በመንጠቆ ብቻ" እና "ለሽያጭ ሳይሆን" የሚሉት ሁለቱ ሐረጎች እንዳይቀሩ፤ ጉዳዩን የሚያቀልላችሁ እነሱ ናቸው።

ሁለት ኮፒ አድርጉ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፣ ሌላው ላይ ገቢ የሆነበትን ቀንና ቁጥር አስጽፉና ያዙት። ኃላፊው ለባለሙያ ይመራዋል። ባለሙያውን ስታገኙ በቃል ብቻ "ችግር የለም፣ ሂዱ" ቢላችሁ አመስግኑና "በጽሑፍ ቢሆንልን" በሉ። ቃል ወንዝ ዳር አይሠራም። እዚያ ያለው ሚሊሻ ባለሙያውን አያውቀውም፣ ማኅተም ግን ያውቃል።

ባለሙያው ፊት እያላችሁ እነዚህን ጠይቁ፦ በዚህ ወር የተዘጋ የወንዙ ክፍል አለ ወይ? ስንት አሳ ይዞ መውጣት ይቻላል? ከስንት ሳንቲ ሜትር በታች ያለው ይመለሳል? ክፍያ ካለ ስንት ነው፣ ደረሰኙስ? መልሱን እዚያው ጻፉት። ክፍያ ከከፈላችሁ ያለ ደረሰኝ አትውጡ። ደብዳቤው ሲወጣ ደግሞ ግልባጭ ለቀበሌው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መባሉን አይታችሁ ተቀበሉ።

ብሔራዊ ፓርክ ከሆነ ወረዳ አይበቃም። ለምሳሌ ባሌ ተራሮች ውስጥ በደንካና በወይብ ወንዞች ትራውት የሚባል ከውጭ የመጣ አሳ አለ፣ ለማጥመድ የፓርኩን ፈቃድ ማግኘት አለባችሁ። ለኛ አገር ውሃ ይህ አይመለከትም፣ ግን ትራውት ፍለጋ ባሌ የምትወርዱ ስላላችሁ ነው።

ቀበሌውንና ሰዉን አስፈቅዱ

ደብዳቤውን በቦርሳ ይዛችሁ ቀጥታ ወንዝ አትውረዱ። መጀመሪያ ቀበሌ ግቡ፣ አሳዩ፣ ስለ አካባቢው ጸጥታ ጠይቁ። ጊዜው እንደምታውቁት ነው፤ እንግዳ ሰው ሸለቆ ውስጥ ለምን እንደተገኘ ማወቅ የሚፈልግ ብዙ ነው። "ዛሬ ይቅርባችሁ" ካሏችሁ ይቅርባችሁ። አትከራከሩ።

ከዚያ ወንዙ ዳር የሚያርሰውን ሰው ፈልጉ። "እንደምን ዋላችሁ" ብላችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ፣ የመጣችሁበትን ተናገሩ። ቦርሳችሁን ሳይጠይቋችሁ ክፈቱና አሳዩ። እኔ አሁን ሁልጊዜ እንዲህ ነው የማደርገው። መርዝ የያዘ ሰው ቦርሳውን አይከፍትም። ማሳ አቋርጣችሁ አትለፉ፣ ከብት የሚጠጣበት መውረጃ ላይ አትቀመጡ፣ ሴቶች ውሃ የሚቀዱበትንም ተዉ። ጠበል ወይም ገዳም ካለ በአጠገቡ አታጥምዱ።

የኛ አካባቢ ሰው የጋራ ሀብት መጠበቅን ከማንም አልተማረም። የመንዝ ጓሳን ሣር በቄሮ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጋ፣ ጊዜው ሲደርስ እየከፈተ ያቆየው ራሱ ሕዝቡ ነው። ሽማግሌዎች "እዚህ ኩሬ አትንኩ" ካሏችሁ ሕግ ነው ብላችሁ ውሰዱት፣ በወረቀት ባይጻፍም።

ወቅቱን ምረጡ

ከሰኔ አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ አትሂዱ። ደብዳቤው ቢፈቅድላችሁ እንኳ እኔ አልሄድም። ሁለት ምክንያት አለኝ።

አንደኛው አሳው ነው። ነጭ አሳ የምንለው፣ አፉ ዳር ጢም መሳይ ያለው፣ ክረምት ሲገባ ለመራባት ወደ ላይ ይወጣል። የጣና ነጭ አሳዎች ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ወደ ጉማራና ርብ ወጥተው ጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ። እዚያ ወንዝ አፍ ላይ መረብ እየተዘረጋ እናቶቹ ሳይወልዱ ተያዙ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ የነጭ አሳው ክምችት በ75 በመቶ መቀነሱን ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ጣና ባሕር የሚያክል ሐይቅ ሆኖ ይህ ከደረሰበት፣ በጋ ላይ ኩሬ ኩሬ ብቻ ለሚቀረው ወንዛችን ምን እንደሚሆን አስቡት። በእንቁላል የተወጠረች አሳ በየትኛውም ወር ከያዛችሁ መልሱ። ሆዷ ታች ስትይዟት እንደ ተሞላ ከረጢት ይከብዳል፣ ታውቋታላችሁ።

ሁለተኛው ደራሽ ውሃ ነው። እናንተ ቆላ ላይ ፀሐይ እየሞቃችሁ መንዝ ላይ ወይም ደብረ ብርሃን ላይ ይዘንባል። ውሃው ሲደርስ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት መምጣት ከጀመረ፣ ዘንጉን ሳይቀር ጥላችሁ ወደ ላይ ውጡ። ዕቃ ይተካል። በደሴት መሳይ ድንጋይ ላይ ደግሞ በበጋም ቢሆን አትቀመጡ።

ጥሩው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ ውሃው ጠርቷል፣ ሙቀቱም ልክ ነው። ማለዳ ከ12 እስከ 3 ሰዓት፣ ማታ ከ10 ሰዓት በኋላ አሳው ይበላል። ቆላ ወባ ስላለ ማታ ሳይጨልም ውጡ፣ ካደራችሁ ያለ አጎበር አትተኙ። ቀስ ብሎ የሚሄድ ወይም የቆመ ውሃ ውስጥ በባዶ እግር አትግቡ፣ ቢልሃርዝያ በቆዳ ነው የሚገባው። አዞ መኖር አለመኖሩን ደግሞ ከብት የሚያጠጣውን ልጅ ጠይቁት፣ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

ዕቃ

ብዙ አያስፈልግም። ክር መጠቅለያ ያለው ዘንግ ካገኛችሁ ጥሩ ነው፣ ካጣችሁ ቀጥ ያለ ሸምበቆ ይበቃል። የናይለን ክር፣ መካከለኛ መንጠቆ፣ ለማስመጫ ትንሽ ብሎን፣ ለተንሳፋፊ የጠርሙስ ቡሽ። መንጠቆ ዝዋይ፣ ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው ካላችሁ አስመጡ፣ አጥማጆች ባሉበት ከተማ ርካሽም ደህናም ነው።

አሁን አንድ ነገር አድርጉልኝ። የመንጠቆውን ጫፍ ቀረብ አድርጋችሁ እዩት። ከሹሉ በታች ወደ ኋላ የዞረች ትንሽ እሾህ አለች። እሷን በፒንሳ ጨፍልቋት። አሳው ክሩን ካላላችሁለት በቀር አያመልጥም፣ ስታወጡት ግን አፉን ሳይቀድድ በአንድ እንቅስቃሴ ይወጣል። የናንተ ጣት ላይ ቢሰካም እንዲሁ። ጤና ጣቢያ ሁለት ሰዓት መንገድ ሽቅብ መሆኑን አትርሱ።

ትል እርጥብ አፈር ቆፍራችሁ አግኙ፣ ወይም ሊጥ በጥጥ ጠቅልላችሁ ስኩ። አምባዛ (ካትፊሽ) የሥጋ ቁራጭም ይወዳል። መረብ አትያዙ። ለመዝናኛ መጥቻለሁ የሚል ሰው ቦርሳው ውስጥ መረብ ከተገኘ ማንም አያምነውም፣ ማመንም የለበትም።

ብርብራና እንዶድማ አይነሳም። ብርብራ የአገራችን ዛፍ ነው፣ ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን አሳው መተንፈስ ያቅተዋል። ትልቅ ትንሽ አይልም፣ እንቁላልም ጫጩትም ያለቃል። ለተባይ የሚረጭ መድኃኒት የሚጨምሩ ደግሞ አሉ፤ እሱ ከብቱንም ሰውንም ይጨርሳል። ሲያደርጉ ካያችሁ ራሳችሁ አትጋፈጡ፣ ቦታውንና ሰዓቱን ይዛችሁ ለቀበሌና ለወረዳው ባለሙያ ወዲያው ንገሩ።

ከያዛችሁ በኋላ

አሳውን ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን ውሃ ውስጥ ንከሩ። በደረቅ እጅ ከያዛችሁት የሚያንሸራትተው ልባሱ ይገፈፋል፣ ብትለቁትም በኋላ ቆዳው ይታመማል። ስንጥቡ (መተንፈሻው) ውስጥ ጣት አትክተቱ። ለመልቀቅ ከሆነ ውሃ ውስጥ አፉን ወደ ፈሳሹ አዙራችሁ ያዙት፣ ራሱ ጭራውን መትቶ እስኪሄድ ጠብቁ። አትወርውሩት።

አምባዛ ስትይዙ ጥንቃቄ አድርጉ። ከጭንቅላቱ ጀርባ በግራና በቀኝ ክንፉ ላይ ጠንካራ እሾህ አለው፣ ከወጋ ያማል፣ ያመረቅዛልም። አየር መተንፈስ ስለሚችል ከውሃ ወጥቶም ረጅም ሰዓት አይሞትምና ጆንያ ውስጥ ከትታችሁ አታሰቃዩት፤ ለመብላት ከሆነ ጭንቅላቱን በእንጨት መትታችሁ ቶሎ ግደሉት። ግድብና ኩሬ ላይ ቀረሶ (ቲላፒያ) ከያዛችሁ አፏን ከፍታችሁ እዩ። ቀረሶ እናት እንቁላሏንና ልጆቿን በአፏ ውስጥ ነው የምታሳድገው። ካሉ ቶሎ መልሷት።

የሚወሰደው ለአንድ ማዕድ የሚበቃ ብቻ ይሁን። ወረዳው ቁጥር ከሰጣችሁ ቁጥሩ ይከበር። ካልሰጣችሁ እኔ ለራሴ በሰው ሁለት ብዬ ወስኛለሁ። የቆላ ሙቀት አሳ አይምርም፣ እዚያው ሆድ ዕቃውን አውጡ፣ እጠቡ፣ እርጥብ ጆንያ ውስጥ በጥላ አድርጉ፣ በረዶ ያለው ሳጥን ካላችሁ ደግሞ በጣም ጥሩ። ሆድ ዕቃውን ሰው ውሃ ከሚቀዳበት አርቃችሁ ቅበሩት። ጥሬውን አትብሉ፣ ጥገኛ ትል ሊኖረው ይችላል። እሳት አድርጋችሁ በደንብ አብስሉት፣ በዳጣ ሲበላ ግሩም ነው። ከከተማና ከፋብሪካ በታች ካለ ውሃ የወጣውን ግን አትብሉ፣ ያዙና ልቀቁ።

ስትወጡ ላስተናገዳችሁ ገበሬ አንድ አሳ ስጡ፣ ደብዳቤውንም አትጣሉት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ማመልከቻ ላይ ኮፒውን ታያይዙታላችሁ።

የመጨረሻው ሥራ መንጠቆ መቁጠር ነው። ሣር ውስጥ የቀረ መንጠቆ የላም ምላስ ወይም የእረኛ እግር ያገኘዋል፣ የተጠላለፈ ክርም እንዲሁ የበግ እግር ያስራል። አሥር ይዛችሁ ከወረዳችሁ አሥር ቆጥራችሁ ውጡ። አንዱ ድንጋይ ሥር ተቀርቅሮ ክሩ ከተበጠሰባችሁ የትኛው ድንጋይ እንደሆነ ለእረኛው በጣታችሁ አሳዩት።